ፋይል ዘርዛሪው ፕሮግራም ለምን ይወድቃል?



የቆጋ መስኖ ጥናት ፋይሎች የተቀመጡበት ፎልደር አለን እንበል። በሲ ቋንቋ የፋይሎቹን ስም መዘርዘር ቀላል ነው፤ ፎልደሩን በ«ኦፕንዲር» ከፍተን፣ ስሞቹን በ«ሪድዲር» አንድ በአንድ አንብበን፣ በ«ክሎዝዲር» እንዘጋለን። ችግር የሚመጣው ስሞቹን በፊደል ተራ ለመደርደር ሜሞሪ ላይ ስናስቀምጥ ነው። ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ።

1. ፖይንተሩን ብቻ መያዝ። ሪድዲር የሚመልሰው ቦታ የእኛ አይደለም። በቀጣዩ ጥሪ ሌላ ስም ሊጻፍበት ይችላል፤ ክሎዝዲር ካለፈ በኋላ ደግሞ ልንነካው አይገባም። ስለዚህ ስሙን ወደ ራሳችን ቦታ እንቅዳ።

2. ቦታ ማሳነስ። «ስትርሌን» የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ የስሙን ማብቂያ ዜሮ ደግሞ አይቆጥርም። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ቆጋ» የሚለው ስም 6 ባይት ስለሆነ ከ«ማሎክ» መጠየቅ ያለብን 7 ነው። 6 ብንጠይቅስ? ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም! ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የተለመደው ማሎክ ቢያንስ 24 ባይት ስለሚሰጥ ዜሮዋ ቦታ ታገኛለች። «ቆጋመስኖጥናት» ግን 8 ፊደል፣ ልክ 24 ባይት ነው። ዜሮዋ ድንበር አልፋ፣ ማሎክ የቀጣዩን ክፍል መጠን የመዘገበበትን ቦታ ታበላሻለች። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ቆይቶ፣ ምንም ጥፋት የሌለበት መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» የሚያሰኘን ይህ ነው።

3. አለመመለስ። ከማሎክ የወሰድነው ቦታ አማና ነው። ለእያንዳንዱ ማሎክ አንድ «ፍሪ» ያስፈልጋል፤ ሁለቴ መመለስም ስሕተት ነው። መጀመሪያ ስሞቹን፣ ከዚያ የስሞቹን ዝርዝር እንመልስ።

እንዴት እናግኛቸው?

በግምት መስመር አንቀያይር። ፕሮግራሙን በጂሲሲ ከ«-ጂ» ጋር ኮምፓይል አድርገን በ«ቫልግሪንድ» እናስኪደው። «ኢንቫሊድ ራይት» ካለ ከድንበር ውጭ ተጽፏል ማለት ነው፤ የተጻፈበትን መስመርና ቦታው የተጠየቀበትን መስመር ለየብቻ ያሳየናል። «ቆጋ» ላይ ተደብቃ ያለፈችውን አንዷን ባይት እንኳ ይይዛታል። «ዴፊኒትሊ ሎስት» የሚለው ደግሞ ያልተመለሰ ቦታ ነው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መልእክት እንጀምር፤ የኋለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ውጤት ናቸው።

መልመጃ፦ ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም በአብዛኛው ከ255 ባይት አይበልጥም። በግዕዝ ፊደል ብቻ ቢጻፍ ቢበዛ ስንት ፊደል ይሆናል? ለማስቀመጥስ ስንት ባይት እንጠይቅ? በወረቀት ሠርታችሁ በቫልግሪንድ አረጋግጡ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን!