የተዘለለው አያት
(የሠራተኛ አባቶቻችንን ሕይወት እንዴት እንመርምር?)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንደሚታወቀው በአገራችን ደንብ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት የሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን የአባትና የእናትን ስም ይጠራሉ። እህቴን ለማጨት ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን በመጡ ጊዜ ከዘመዶቻችን አንዱ የአባታችንን ወገን ሲቆጥር አያታችንን ጠርቶ ቀጣዩን ሰው ዘለለ። ማታ ብጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ተወው፤ እሱ ቀጥቃጭ ነበር» አለኝ።

አንድ ሰው ከተዘለለ ግን ቆጠራው ራሱ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሰው ማን ነበር? ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ። የሄድሁበት መንገድ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ በተራ እጽፈዋለሁ።

፩ኛ/ ለምን እንመረምራለን?

ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ታሪክ እንዲጠበቅ አስጠንቅቆታል (፩ኛ ጢሞ. 1፥4)። ለኩራት የሚደረግ ቆጠራ ክርክርን እንጂ ፍቅርን አያመጣምና። በሌላ በኩል ኦሪት ስለ ቀደመው ዘመን አባትህንና ሽማግሌዎችህን ጠይቅ ትለናለች (ዘዳ. 32፥7)። ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርን፣ ረዓብንና ሩትን አልዘለለም። ጌታ ራሱ የጸራቢ ልጅ ተብሎ ተንቋል (ማቴ. 13፥55)። እግዚአብሔር ባስልኤልን በወርቅ፣ በብርና በናስ ሥራ ጥበብ እንደሞላው ተጽፏል (ዘጸ. 31)። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። እንግዲህ የእጅ ሥራ የሚያሳፍር ከሆነ ኀፍረቱን ከየት አገኘነው?

፪ኛ/ ሽማግሌዎችን መጠየቅ

መጀመሪያ በአማርኛ ስጠይቅ መልሱ አጭር ነበር። በአውኚ ስጠይቅ ግን አንዲት አሮጊት ብዙ ነገሩኝ። ቅድመ አያቴ ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ይኖር ነበር። ወናፉን ልጆቹ ይነፉለታል፤ እሱ ብረቱን በጉጠት ይዞ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራል፤ ገበሬውም እህሉን ሲያስገባ ይከፍለዋል። የፈረስ ልጓምና እርካብም ሠርቷል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲወጣ ሁላችንም ፈረሱንና ፈረሰኛውን እናደንቃለን። ልጓሙን ማን ሠራው? ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን።

፫ኛ/ ዘመኑን ማስላት

የልደቱን ዓመት የጻፈ ሰው አልነበረም። አሮጊቷ ግን «በዘመነ ሉቃስ ተወለደ፤ ጣሊያን ሲገባ ፍየል ይጠብቅ ነበር» አሉኝ። ይህ ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱን በ5500 ላይ ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ካሉት ዘመነ ሉቃስ ለስሌቱ የሚታሰቡት 1915፣ 1919 እና 1923 ናቸው። በ1915 ቢወለድ 13 ዓመት ሆኖት እርሻ ይለምድ ነበር፤ በ1923 ቢወለድ ገና የ5 ዓመት ሕፃን ነው። ስለዚህ 1919 ዓ.ም. ይቀርባል።

፬ኛ/ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ

በብዙ አድባራት በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ መጽሐፍ ያጻፉ፣ መሬት የሰጡና የተካፈሉ ሰዎች ስም ይገኛል። ባለእጅ ግን ከዚያ መካከል እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በጎጃም ርስት የሚጠየቀው ከመጀመሪያው አቅኚ በአባት ወይም በእናት መወለድን በመቁጠር ስለነበር ባለርስት አያቱን አይረሳም። ብዙው ባለእጅ ግን ርስት ስላልነበረው ስሙን የሚቆጥርበት ጉዳይ አልነበረም። ዘር ቆጠራችን በብዙው የመሬት ቆጠራ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም የነፍስ አባታችንን ስጠይቅ የክርስትና ስሙን ለጸሎት ከሚያስቡት የሙታን ስም ዝርዝር ውስጥ አገኙት። ሰው የዘለለውን ቤተ ክርስቲያን በጸሎቷ ስታስበው ኖራለች።

፭ኛ/ የመንግሥት ወረቀት

የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ለአያቶቻችን አይደርስም። የሚረዳን በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለው የግብር ደረሰኝ፣ የእድር መዝገብና የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከተባለ በኋላ ርስት ያልነበረውም በገበሬ ማኅበሩ በኩል መሬት ማግኘት ቻለ። በአያቴ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ከዚያ ዘመን የቀረ ወረቀት ቅድመ አያቴን ከባለመሬቶች ጋር ይቆጥረዋል። በዕድሜው 50ን ሊያልፍ ሲል ነው ስሙ በወረቀት የተጻፈው።

ምክርና ማስጠንቀቂያ

የሰማችሁትን «እንደሰማሁት»፣ ያነበባችሁትን «እንዳነበብሁት» ብላችሁ ለዩ። በግምት ስም አትጨምሩ፤ ለማስዋብም አትቀንሱ። የሌላውን ቤት ምሥጢር ወደ አደባባይ አታውጡ። እኔም ስሙን እዚህ ያልጻፍሁት አፍሬበት ሳይሆን ቤተሰቡን ሁሉ ገና ስላላስፈቀድሁ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም በለሆሳስ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» የምንል አለን። በዚያው ሰው እጅ በተሠራ ማረሻ ከታረሰ መሬት የተገኘውን እንጀራ ግን ሳንጸየፍ በልተናል።

ሽማግሌዎቹ በድጋሚ በመጡ ቀን አባቴ ራሱ ቆጠረ፤ ማንንም አልዘለለም። እንግዶቹ ዝም አሉ፤ «እንመለሳለን» ብለውም ሄዱ። ያን ማታ በቤታችን ጭንቀት ነበር። እህቴ ግን «አያቴ ተደብቆ የሚጸና ትዳር ይቅርብኝ» አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቀን ቆረጡ። ባይመለሱም ኖሮ አባቴ የሠራው ትክክል ነበር።

ለመወያያ፦
1. ከአያቶቻችሁ መካከል በቤታችሁ ስሙ የማይጠራ አለ? ለምን?
2. የአንድ አያታችሁን የልደት ዓመት በወንጌላውያኑ ስሌት ፈልጉ።
3. በማቴ. 1 የተጠቀሱትን ሴቶች አንብባችሁ ወንጌላዊው ለምን እንዳልዘለላቸው ተወያዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።