ልጅሽ አገር ቤት፣ አንቺ የሰው ልጅ ይዘሽ፦ ስለ ሕፃናት ቁርኝት

አቡ ዳቢም ሆነ አል አይን ቤት ውስጥ የምንሠራ ብዙዎቻችን ሁለት ልጅ አለን። አንዱ እዚህ እቅፋችን ውስጥ ነው፤ ወተት እናሞቅለታለን፣ ሌሊት ሲያለቅስ እንነሳለታለን፣ የወለደችው ግን ማዳም ናት። ሌላው ደሴ ወይ ጅማ ወይ አዲስ አበባ ነው፤ የወለድነው እኛ ነን፣ ሌሊት የምትነሳለት ግን አያቱ ናት። እኔም አል አይን ስድስት ዓመት ስሠራ ኑሮዬ ይኸው ነበር። በእረፍት ቀን ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ “ልጄ ይረሳኝ ይሆን? አድጎስ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል?” ብላ ያልጠየቀች እህት አላጋጠመችኝም።

ሕፃን ከሚያሳድገው ሰው ጋር የሚፈጥረውን ትስስር ባለሙያዎች ቁርኝት ይሉታል። ነገሩን በሰፊው የጻፈው ጆን ቦልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም እንደ እናት ከሆነችለት ሰው ሞቅ ያለና የማይቆራረጥ ቅርበት ያስፈልገዋል አለ። የሚገርመው የራሱ ታሪክ ነው። ለንደን ከሀብታም ቤት ተወልዶ ያሳደገችው ሞግዚት ናት፤ እናቱን የሚያያት በቀን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞግዚቷ ሥራውን ለቀቀች። ካደገ በኋላ ያንን መለያየት እናትን ከማጣት ጋር አመሳስሎታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ እውቀት የመጣው እንደኛ ባለች ሴት እጅ ካደገ ሰው ነው። ማዳም ይህን ብታውቅ እንዴት ጥሩ ነበር!

ከእሱ ጋር የሠራችው ሜሪ አይንስዎርዝ ደግሞ ዋናውን ትምህርት ያገኘችው ከኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አጠገብ 26 ቤተሰቦች ቤት እየሄደች እናትና ልጅ እንዴት እንደሚውሉ አየች። ልጇ ምን እንደፈለገ አስተውላ የምትደርስለት እናት ልጅ ብዙ አያለቅስም። ዳዴ እያለ ራቅ ብሎ ይጫወታል፣ ዞር ብሎ እናቱን ያያል፣ ደግሞ ይሄዳል። “ሲያለቅስ ካነሳሽው ይሞላቀቃል” የሚሉሽን አትስሚ።

ሕፃኑ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ብጣራ የሚመጣልኝ አለ ወይስ የለም? አለ ብሎ ያደገ ልጅ ጓደኛ ማፍራት፣ ሲናደድ መብረድ፣ ሲቸግረው እርዳታ መጠየቅ ይቀለዋል፤ አድጎም ትዳር ውስጥ ሰው ማመን ይቀለዋል። የለም ብሎ ያደገው ወይ “ማንም አያስፈልገኝም” ብሎ ስሜቱን ይውጣል፣ ወይ እንዳይተዉት ፈርቶ ሰው ላይ ሙጭጭ ይላል። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በችግር የሚኖሩ እናቶችን ልጆች እስከ ጉልምስና ሲከታተሉ ይህን ዝምድና አይተዋል። ግን ደግሞ ጅምሩ የከፋበት ልጅ በኋላ የሚቆምለት ሰው ሲያገኝ ሲቃናም አይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመዝናሉ እንጂ አይፈርዱም።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ቁርኝት በደም ብቻ አለመሆኑ ነው። ሩማኒያ ውስጥ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ የተሰጡ ልጆች፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተሰጡት፣ ካልወለደቻቸው ሴት ጋር ጤናማ ቁርኝት መፍጠር ችለዋል። ስለዚህ ልጅሽ አያቱን “እማዬ” ብሎ አንቺን በስምሽ ቢጠራሽ ያማል፣ እኔንም አሞኛል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚነግርሽ የሚጠጋበት ሰው እንዳለው ነው። ልጅን የሚጎዳው ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት መንከራተቱ ነው። ብር ስትልኪ “ደረሰ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “ማን ጋር ነው የሚያድረው?” ብለሽ ጠይቂ። አያት እየደከመች ከሆነ የሚተካት ሰው ከአሁኑ ቤት እየመጣ ልጁ ይልመደው።

ስልክ ላይ አጭርና የማይቀር ጥሪ ይበልጣል። እዚህ የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራ ብዙዎቻችን በቦቲም ነው የምንገናኘው፤ ኔትወርኩ ሲይዝም ፊትሽ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል ተመራማሪ እናቶች ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊታቸውን ድርቅ እንዲያደርጉ ሲጠይቅ፣ ሕፃናቱ መጀመሪያ ሳቅ እያሉ ሊመልሷቸው ሞከሩ፣ ከዚያ ተከፉ። ስለዚህ መስመሩ ሲመለስ “ኔትወርክ ነው እንጂ አለሁ” በይው። ለትንሽ ልጅ ከጥያቄ ይልቅ የምታንጎራጉሪለት ነገር ይሻላል። “በላህ? አጠናህ?” ብቻ ከሆነ ማንም ይሰለቻል።

ለእረፍት ስትሄጂ ልጁ አያቱ ቀሚስ ሥር ቢደበቅ አልጠላሽም። ቦልቢና የሥራ ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ሆስፒታል የተኙ ሕፃናት መጀመሪያ ሲያለቅሱ፣ ቀጥሎ ሲያዝኑ፣ በኋላ እናት ስትመጣ ፊታቸውን ሲያዞሩ አይተዋል። “እናትህን ሳም!” እያሉ እንዳያስገድዱት ንገሪያቸው። አያቱ ባሉበት መሬት ቁጭ ብለሽ ተጫወቺ፤ እሱ ይምጣ። የኔዋ እጄን እስክትይዝ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባታል። ስትመለሺ ደግሞ “እንዳያለቅስ” ተብሎ ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብለሽ አትውጪ፤ ነቅቶ የሚያጣሽ ልጅ እንቅልፍ ሊፈራ ይችላል። ንገሪው፣ ያልቅስ፣ አያቱ ይዛ ታባብለው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን ደግሞ ሕግ ሰጥቶሻል። በኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 9/2022 መሠረት በቀን 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ሳይቆራረጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ክፍያ ያለው ፈቃድ፣ በሁለት ዓመት አንዴም የደርሶ መልስ ትኬት ይገባሻል። ከተከለከልሽ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 80084 ነው።

አሁን ወደዚያኛው ልጅ፣ ወደ ማዳም ልጅ ልመለስ። ኮንትራትሽ ሲያልቅ የቦልቢን ሞግዚት ቦታ የምትይዢው አንቺ ነሽ። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ “ለልጁ እንዳትነግሪው” ይላሉ። ማዳምን በእርጋታ አናግሪያት፦ አዲሷ ሠራተኛ ከመሄድሽ በፊት ጥቂት ቀን አብራሽ ብትቆይ፣ ልጁ የአንቺ ፎቶ ቢኖረው፣ መሄድሽም በእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ቢነገረው ለልጇ ነው የሚጠቅመው። እሺ ካለች ለአዲሷ እህት ልጁ በምን እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ሲከፋው የቱን ጨርቅ እንደሚይዝ ንገሪያት።