ፊልሙ ካለቀ በኋላ፦ ከዋሊያዎቹ ጉዞ የምንማራቸው ሦስት ነገሮች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በሴሚስተር ዕረፍት ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ዓለም ጤና ስትመለሱ ከታናናሾቻችሁ ጋር ፊልም ማየታችሁ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ኳስ መከታተላችሁ አይቀርም። ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ፊልም እንወዳለን፤ ማንም ያልገመተው ደካማ ቡድን ሲዋረድ ከርሞ በመጨረሻው ደቂቃ የሚያሸንፍበትን፣ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ተብሎ የሚጀምረውን። የዛሬው ትምህርታችን ከእንዲህ ያለ ፊልም ተነስቶ ወደ ራሳችን አገር ታሪክ ይመጣል። ጥያቄው ይህ ነው፦ በእነዚህ ታሪኮች ልባችንን የሚነካው የመጨረሻው ጎል ነው። ለአማኝስ ትክክለኛው መለኪያ እሱ ነው ወይ?

ፊልሙ የሚያቆምበት ቦታ

«ኔክስት ጎል ዊንስ» በሚል ስም ሁለት ፊልሞች ተሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጋቢ ፊልም፣ በ2023 ደግሞ በተዋንያን የተሠራ። ታሪኩ የአሜሪካን ሳሞአ ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ትንሽ የደሴቶች ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሔራዊ ቡድኗ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከአውስትራሊያ ጋር ተጫውቶ 31 ለ 0 ተሸነፈ። በብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ እንዲህ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ለዚህ ውርደት አንዱ ምክንያት ከሜዳ ውጪ ነበር፦ ለቡድኑ ከተመረጡት አብዛኞቹ የፓስፖርት ጉዳያቸው ስላልተሟላ መጫወት አልቻሉም፤ በምትካቸው የገቡት ብዙዎቹ ታዳጊዎች ነበሩ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011፣ ይኸው ቡድን በአሠልጣኝ ቶማስ ሮንገን እየተመራ ቶንጋን 2 ለ 1 አሸነፈ። ያን ቀን በረኛው 31 ጎል የተቆጠረበት ያው ሰው ነበር። የተዋንያኑ ፊልም ትልቁ ደስታ እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ታሪክ ግን ቀጠለ፦ ከኩክ ደሴቶች ጋር 1 ለ 1 ወጡ፣ በሳሞአ 1 ለ 0 ተሸንፈው ከማጣሪያው ወጡ። ፊልም ሠሪ የሚያቆምበትን ቦታ መምረጥ ይችላል። አላህ ለሰጠን ሕይወት ግን እኛ መቁረጫ አንመርጥለትም።

የኛው ታሪክ

ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳች አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ግን ለ31 ዓመታት ያህል ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋሊያዎቹ አብዛኞቹ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፉ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አንድ አንድ ጎል አግብተው 2 ለ 0 አሸነፉ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጪ ብዙ ጎል በማግባታቸው አለፉ። ደቡብ አፍሪካ ላይም የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን በአሥር ተጫዋች 1 ለ 1 ገቱ። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ተመለሱ።

ለትምህርታችን የሚሆነው ግን በዚያው ዓመት የነበረው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረቱ። ምድቡን በአንደኝነት ጨርሰናል ተብሎ አገሩ በጭፈራ ተናወጠ። ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

በዚያው ቀን ሌላ ወሬ መጣ። ቦትስዋና ላይ ከተሰለፉት መካከል አንዱ ተጫዋች በሁለት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ያየና በዚያ ቀን መቀጣት የነበረበት ሆኖ ተገኘ። ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፤ ከኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። የተጫዋቹን ስም እዚህ መጥራት አያስፈልገንም። ካርድ የመቁጠር ሥራ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የሰውን ስም በማያስፈልግ ቦታ አለማንሳትም ከአደባችን ነው።

ልብ በሉ፦ በደሴቶቹ ታሪክ የፓስፖርት ወረቀት፣ በኛ ታሪክ የካርድ መዝገብ። ሁለቱንም ቡድኖች ከባድ ዋጋ ያስከፈላቸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚገባ ወረቀት ነው።

ፌዴሬሽኑ ስህተቱ የራሱ መሆኑን በአደባባይ አመነ። ቡድኑም ጳጉሜን 2 ቀን ወደ ብራዛቪል ሄዶ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ መራ። ከዚያ የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ መጣች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ጎል ቀድመው መርተው 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0። ብራዚል ሳይደርሱ ቀሩ።

ይህን ታሪክ እንዴት እናንብበው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አል-ዐድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው። በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ ላይ ሆኖ መጣና ቀደማት። ነገሩ ሰሓቦችን ከበዳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በዚህች ዱንያ ላይ ከፍ ያለን ነገር ሁሉ ዝቅ ማድረግ የአላህ ሐቅ መሆኑን አስተማሯቸው። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህ ማንም ያልገመተው ያሸነፈበት ታሪክ ነው። ትምህርቱ ግን ለአሸናፊው የተሰጠ ሙገሳ አይደለም፤ ሽንፈት ለከበዳቸው የተነገረ ማስተካከያ ነው። ዛሬ ያልተገመተው ያሸንፋል፤ ነገ እሱም ይቀደማል። ልቡን በውጤት ላይ ያሰረ ሰው ከውጤቱ ጋር ይወድቃል።

የመቂ ገበሬ ይህን ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ከዝዋይ ሐይቅ ወይም ከመቂ ወንዝ በፓምፕ ውሃ ስቦ፣ ችግኝ አፍልቶ፣ ኮትኩቶ፣ መድኃኒት ረጭቶ ቲማቲሙን ያደርሳል። ዋጋው ግን በእጁ አይደለም፤ የሁሉም ማሳ በአንድ ሳምንት ሲደርስ ገበያው ይወድቃል። «ዋጋ በአላህ እጅ ነው» ብሎ ሳያጠጣ የተወ ገበሬ ተወኩል አላደረገም፤ ሰነፈ እንጂ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው የተሰጠው መልስ መጀመሪያ እንዲያስር ነው። እንግዲህ ውጤቱ የኛ ካልሆነ የኛ የሆነው ምንድን ነው? ከዋሊያዎቹ ጉዞ ሦስቱን እናውጣ። ኳስን ከሰሓቦች ተጋድሎ ጋር እኩል ለማድረግ አይደለም፤ በትልቁ ብርሃን ትንሹን ለማየት ነው።

1. አማና፦ ትንሽ የምትመስለውን መጠበቅ

በኡሑድ ዘመቻ፣ በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 50 ቀስተኞችን በዐብደላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ.) መሪነት በአንድ ኮረብታ ላይ አቆሙ። ድልም ሆነ ሽንፈት ቢያዩ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ አዘዟቸው። ጠላት ሲሸሽ አብዛኞቹ ጦርነቱ ያለቀ መሰላቸውና ወረዱ። ጀርባው ተከፈተ፤ ወደ 70 የሚጠጉ ሰሓቦች ሸሂድ ሆኑ። ያ ሁሉ የሆነው ማንም በማያየው ጥግ ላይ በነበረ ቦታ ነው።

በየጀመዓችን ስም የሚመዘግብ፣ የመዋጮ ገንዘብ የሚይዝ፣ ቁልፍ የሚረከብ ሰው አለ። በየዲፓርትመንቱ የምዝገባ ቀን አለ፣ የአድና ድሮፕ ቀን አለ። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን ቀኑ አልፎበት ነው። ጎል አግቢውን ሁሉም ያጨበጭብለታል፤ ካርድ የሚቆጥረውን ማንም አያውቀውም። አላህ ግን ያውቀዋል። ኢኽላስ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

2. ሲድቅ፦ ጥፋትን ሳይሸፍኑ ማመን

በተቡክ ዘመቻ፣ በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ያለ በቂ ምክንያት ወደ ኋላ ቀረ። ከሰማንያ የሚበልጡ ሰዎች ሰበብ እየደረደሩ ይቅርታ ሲያገኙ እሱ ምንም ሰበብ እንደሌለው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነቱን ነገራቸው። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ለ50 ሌሊት ማንም ሰው አላነጋገረውም። በመጨረሻ ግን የእሱና የሁለት ጓደኞቹ ተውባ መቀበሉ በሱረቱ አት-ተውባ ወረደ። ሰበብ የደረደሩት ያመለጡ መስሏቸው ነበር።

እውነት ነጥብ ያስቀንሳል። የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ስህተቱን ሲያምን ሦስቱ ነጥብ አልተመለሰም። ይህን ደብቀን «እውነት ተናገር፣ ሁልጊዜ ታተርፋለህ» ብለን ለታናናሾቻችን ብንነግር ፊልም መስራታችን ነው። የተኮረጀ አሳይመንት ሲያዝ፣ የጀመዓ ገንዘብ ሲጎድል፣ እውነቱን የተናገረ ሰው ውጤቱ ሊበላሽ፣ ሰው ሊርቀው ይችላል። ከዕብ (ረ.ዐ.) ያተረፈው በ51ኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አልነበረም። 50ዎቹን ቀናት የሚያሻግረው የአላህን ማወቅ ማመን ብቻ ነው።

3. ሶብር፦ ከወደቁ በኋላ በማግስቱ መነሳት

ከኡሑድ በማግስቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠላትን ለመከተል ወደ ሐምራኡል አሰድ እንዲወጡ ጥሪ አደረጉ። የጠሩት ዕረፍት ላይ የነበረ አዲስ ጦር አልነበረም፤ ትናንት የቆሰሉትን እነዚያኑ ነው። ቁስላቸውን ይዘው ወጡ። አላህም በሱረቱ አሊ ዒምራን አወደሳቸው። አስተውሉ፦ ቁርኣን የበድርን ድል ብቻ ነግሮን አላለፈም። የኡሑድን ቀን፣ ስህተቱንና ሐዘኑን ጭምር፣ በብዙ አንቀጾች ገልጾልናል። አማኝ የተሸነፈበትን ቀን አይደብቅም፤ ይማርበታል።

ዋሊያዎቹም ሦስት ነጥብ ከተቀነሰባቸው በኋላ ብራዛቪል ላይ ለመጫወት እግራቸው አልከበደም። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙዎች በሬሜዲያል አልፈው ነው ጊቢ የገቡት። አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከጊቢ ወጥቶ ፈተናውን ያላለፈና ቤቱ ተደብቆ የተቀመጠ ወንድም፣ መስጂድ መምጣት ያፈረች እህት በየሰፈራችን አሉ። «አይዞህ፣ በመጨረሻ ታሸንፋለህ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን የማናውቀውን ቃል መግባት ነው። የምናውቀው ይህን ነው፦ ሶብር ያደረገ ሰው ምንዳው አይጠፋም፤ ሁለተኛ ለመቀመጥ የሚነሳ ሰው ደግሞ አጠገቡ የሚያጠና ጓደኛ ያስፈልገዋል። በሐምራኡል አሰድ የወጡት ብቻቸውን አልወጡም።

ለሐለቃ መወያያ

1. በጀመዓችሁ ውስጥ «ካርድ የሚቆጥር» ሰው ማን ነው? ባለፈው ሴሚስተር አመስግናችሁት ታውቃላችሁ?
2. እውነት መናገር ዋጋ ያስከፈላችሁ ጊዜ ነበር? ያኔ ምን አበረታችሁ?
3. ተወኩልና ስንፍና የሚለያዩት በምንድን ነው? ከእርሻም ከትምህርትም ምሳሌ አምጡ።
4. ኳስ ስናይ ዐስርና መግሪብ የሚያልፈን ከሆነ፣ አል-ዐድባእ በተቀደመችበት ሐዲስ አንጻር ልባችን የታሰረው በምን ላይ ነው?

የዕረፍት ሥራ፦ መቂም ሆነ ሌላ ቦታ ስትደርሱ፣ ፈተና ያላለፈ አንድ ልጅ ፈልጋችሁ በሳምንት ሁለት ቀን አብራችሁት አጥኑ። ምክር ከመስጠታችሁ በፊት መጽሐፉን ክፈቱለት።

አላህ ሆይ! በአደራችን የምንታመን፣ በጥፋታችን እውነት የምንናገር፣ ስንወድቅ በአንተ ተመክተን የምንነሳ አድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።