ንድፍ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር፦ የቤተ ጊዮርጊስ ምሳሌ

መግቢያ

በላስታ ደጋ የሚገኙት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ከአለት የተፈለፈሉ በመሆናቸው የዝናብ ውኃና የአለቱ መሰንጠቅ ያሰጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተሠራውም ስለዚህ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ስካነር ለክቶ መዝግቧቸዋል።

እንዲህ ያለ ልኬት ጥቅም የሚሰጠው ከአንዱ የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሳይዛባ ሲሻገር ነው። ለምሳሌ ያህል የቤተ ጊዮርጊስን ሞዴል ከአውቶካድ ወይም ከመሰል ፕሮግራም ወደ ኤስ.ቲ.ኤል. ፋይል እንላክ። ኤስ.ቲ.ኤል. እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈጠረ፣ ማንኛውንም ቅርጽ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የሚገልጽ የፋይል ዓይነት ነው። በዚህ ጉዞ የሚያጋጥሙ ሦስት ችግሮችን ከነመፍትሔያቸው እንመለከታለን።

1. የትልቅ ቁጥር ችግር

በስክሪን ላይ ለስላሳ የነበረው ግድግዳ ከተላከ በኋላ እንደ ደረጃ ተሸራርፎ ይታያል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ዩ.ቲ.ኤም. በተባለው የካርታ ሥርዓት ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 1,330,000 ሜትር ትርቃለች። የምሥራቅ አቅጣጫ ቁጥሯ ወደ 504,000፣ ከፍታዋም ወደ 2,500 ሜትር ነው። የንድፍ ፕሮግራሞች እነዚህን ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ በ64 ቢት ስለሚይዙ ችግር አይታይም። ባይነሪ ኤስ.ቲ.ኤል. ግን እያንዳንዱን ቁጥር የሚጽፈው በ32 ቢት ሲሆን፣ የቁጥሩን ዋና አሃዞች ለመግለጽ የሚያገለግሉት 24 ቢቶች ብቻ ናቸው። ለሰሜኑ ቁጥር የመጀመሪያው ቢት 2²⁰ (1,048,576) ሲወክል፣ 24ኛው ቢት 2⁻³፣ ማለትም 1/8 ሜትር ይወክላል። ስለዚህ በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ የሚገኝ ነጥብ ሁሉ በ12.5 ሳ.ሜ. እርከን ላይ ለመቀመጥ ይገደዳል። በተመሳሳይ ስሌት የምሥራቁ እርከን 3.1 ሳ.ሜ.፣ የከፍታው ደግሞ 0.24 ሚ.ሜ. ብቻ ይሆናል። ስለሆነም መሸራረፉ በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ የከፋ፣ በከፍታ ግን የማይታይ ከሆነ ጥፋቱ የትልቅ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ግድግዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 2 ሚ.ሜ. ቢንቀሳቀስ፣ በእንዲህ ያለው ፋይል እንቅስቃሴው ወይ ፈጽሞ አይታይም፤ ወይም የ12.5 ሳ.ሜ. ዝላይ መስሎ ይታያል። ሁለቱም የጥገና ባለሙያውን ያሳስታሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፋይሉ ከመላኩ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ መነሻ ነጥብ መርጠን የነጥቡን ቁጥሮች ከሁሉም ላይ እንቀንሳለን። የቀሩት ቁጥሮች ከ100 ሜትር በታች ሲሆኑ እርከኑ ከ0.01 ሚ.ሜ. ያንሳል። የተቀነሰውን ቁጥር በሌላ ፋይል መዝግቦ መያዝ፣ ለቀጣይ ዓመታት ልኬትም ያንኑ መነሻ መጠቀም ግን ግዴታ ነው።

2. የመለኪያ አሃድ

ኤስ.ቲ.ኤል. ቁጥር እንጂ አሃድ አይመዘግብም። የቤተ ጊዮርጊስ ወርድ 12 ሜትር ያህል ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም 12ን ሚሊ ሜትር ብሎ ካነበበው ቤተ ክርስቲያኑ ከጣት ጥፍር ያልበለጠ ይሆናል። የሚታየውን ርዝመት ለእውነተኛው እናካፍል፤ ውጤቱ 1,000 ወይም 25.4፣ ወይም የእነዚህ ግልባጭ ከሆነ በመጀመሪያው ሜትርና ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው ኢንችና ሚሊ ሜትር ተምታተዋል ማለት ነው።

3. ያልተዘጋ ቅርጽ

ስካነር ከጀርባው የተሸሸገውን አያይም። በመስኮትና በበር ጠርዝ ላይ የውጩና የውስጡ ገጽ ሳይገናኙ ሲቀሩ ሞዴሉ ክፍት ይሆናል፤ ይዘቱን ማስላትም ሆነ ማተም ያስቸግራል። በተዘጋ ቅርጽ እያንዳንዱ ጠርዝ ለሁለት ሦስት ማዕዘኖች የጋራ መሆን አለበት። የማዕዘኖቹ ተራም ከፊዚክስ ትምህርት በምናውቀው የቀኝ እጅ ሕግ መሠረት ወደ ውጭ ማመልከት ይኖርበታል።

ስሕተቱን የት እንፈልግ?

በመጀመሪያ የተላከውን ፋይል በላከው ፕሮግራም መልሰን እንክፈት። ስሕተቱ እዚያም ከታየ ችግሩ ያለው በአላላኩ ነው፤ ካልታየ ተቀባዩን እንመርምር። ቀጥሎ በመሬት ላይ የተለካ አንድ ርዝመት ከሞዴሉ ጋር እናስተያይ። በመጨረሻም 1 ሜትር ጎን ያለው ኩብ በዚያው ቦታ ሠርተን እንላክ። ኩቡም ከተዛባ ጥፋቱ የሞዴሉ አይደለም።

የመለማመጃ ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ የሰሜን አቅጣጫ ቁጥር ወደ 998,000 ሜትር ነው። በ32 ቢት ሲጻፍ እርከኑ ስንት ይሆናል? (መልስ፦ ቁጥሩ ከ2²⁰ ስለሚያንስ የመጀመሪያው ቢት 2¹⁹፣ የመጨረሻው 2⁻⁴ ይሆናል፤ ይህም 6.25 ሳ.ሜ. ነው።)