የሞዴል ባቡር መገንጠያን ከሩቅ ስለ ማዘዝ

ባቡር እንደ አውቶሞቢል መሪ የለውም። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚወስደው ነጂው ሳይሆን ሐዲዱ ነው። ስለዚህ አንዱ መስመር ከሁለት በሚከፈልበት ቦታ የባቡሩን መንገድ የሚወስነው መገንጠያው ነው። በመገንጠያው ላይ ጫፋቸው እንደ ቢላዋ የሾለ ሁለት የሐዲድ ምላሶች በአንድ አግዳሚ ዘንግ ተያይዘው ይገኛሉ። ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ አንደኛው ምላስ ከዋናው ሐዲድ ጋር ይገጥማል፥ ሁለተኛው ይለቃል፤ ባቡሩም በተከፈተለት መንገድ ይሄዳል። ዘንጉ ወደ ሌላው ወገን ሲገፋ ነገሩ ይገለበጣል።

በጠረጴዛ ላይ በተሠራ የሞዴል ባቡር ይህን ዘንግ በጣት መግፋት ይቻላል። ነገር ግን መገንጠያው ክንድ ከማይደርስበት ስፍራ ከሆነ ከሩቅ በኤሌክትሪክ ማዘዝ ግድ ይሆናል። የሳይንስ ክበባችን ለወላጆች በዓል የሞዴል ባቡር ባዘጋጀ ጊዜ አራት መገንጠያዎችን ከአንድ ሰሌዳ ላይ የማዘዙ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በዚያ ሥራ የተማርሁትን፥ ይልቁንም ተሳስቼ የተማርሁትን፥ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

1ኛ፤ የሚገፋው ኃይል ከወዴት ይመጣል?

በክፍል እንደ ተማርነው ኮረንቲ የሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ ማግኔት ይሆናል። ከመገንጠያው ሥር ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ይቀመጣሉ፤ በውስጣቸውም የሚንሸራተት ብረት አለ። ኮረንቲው በግራው ጥቅል ሲያልፍ ብረቱ ወደ ግራ፥ በቀኙ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይሳባል፤ የምላሶቹንም ዘንግ ይዞ ይሄዳል። በሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ጥቅል እንደ በር ደወል የሚጫኑት አንድ ቁልፍ ይደረግለታል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። የአንዱ ጥቅል ተቃውሞ 4 ኦም፥ ምንጩም 20 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው እንበል። በኦም ሕግ መሠረት 20 ለ4 ሲካፈል 5 አምፔር ይሆናል፤ 20 ቮልት በ5 አምፔር ሲባዛ ደግሞ 100 ዋት ይወጣል። ይህም ማለት አንድ ትልቅ አምፖል የሚበላው ኃይል ከአውራ ጣት በማይበልጥ ጥቅል ውስጥ ገባ ማለት ነው። ምላሱን ለማዞር የሚያስፈልገው ግን ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው።

እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው። በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንዱ መገንጠያ አልታዘዝ ስላለኝ ኃይል ያነሰው መስሎኝ ቁልፉን አጥብቄ ይዤ ቆየሁ። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር ጢስ ወጣ፤ ጥቅሉ ተቃጠለ። በኋላ ፈተን ስናይ ምላሱን የያዘችው ሐዲዱን በችኮላ ስንለጥፍ የጠበጠበች አንዲት የሙጫ ጠብታ ነበረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነብን።

2ኛ፤ ጥቂት ኃይል አጠራቅሞ ባንድ ጊዜ ማውጣት

ለዚህ መድኃኒቱ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር እንደ እንስራ ነው፤ ከቀጭን ምንጭ ቀስ በቀስ ይሞላል፥ ሲገለበጥ ግን ያለውን ባንድ ጊዜ ያፈሳል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከምንጩ ፖዘቲቭ ጫፍ ሽቦው በ100 ኦም ሬዚስተር አልፎ 4700 ማይክሮፋራድ ከሆነ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ጫፍ ይገናኛል፤ የካፓሲተሩ ሌላው ጫፍ ወደ ምንጩ ኔጌቲቭ ይመለሳል። ቁልፎቹ ኮረንቲ የሚወስዱት ከካፓሲተሩ እንጂ በቀጥታ ከምንጩ አይደለም።

የተጠራቀመው ኃይል የካፓሲተሩ መጠን ግማሽ በቮልቱ ካሬ ተባዝቶ ይገኛል። የ0.0047 ፋራድ ግማሽ 0.00235 ሲሆን በ400 ሲባዛ 0.94 ጁል ይሆናል። ጥቅሉ በቀጥታ ቢገናኝ ኖሮ በየሴኮንዱ 100 ጁል ይቀበል ነበር። ጣት በቁልፉ ላይ ቢቆይስ? ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ኮረንቲ ሬዚስተሩ ይገታዋል። 20 ለ104 ሲካፈል 0.19 አምፔር ነው፤ ይህም በጥቅሉ ላይ የሚያሳድረው 0.15 ዋት ያህል ብቻ ስለ ሆነ አያቃጥለውም። ሙቀቱን የሚሸከመው ሬዚስተሩ ነውና 10 ዋት የሚችል መምረጥ ይገባል። እንስራው እንደገና እስኪሞላም 2 ሴኮንድ ተኩል ያህል መታገሥ ነው። ካፓሲተሩ እስከ 35 ቮልት የሚችል ይሁን፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ቢለዋወጥ ሊፈነዳ ስለሚችል ሁለት ጊዜ ሳይመለከቱ ማገናኘት አይገባም።

3ኛ፤ ትእዛዝና ወሬ

ይህን ከሠራሁ በኋላ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። በሰሌዳው ላይ ቁልፉ ሲጫን የሚበራ ትንሽ አምፖል አድርጌ ነበር። ስንሞክረው የግራው አምፖል በራ፤ ምላሱ ግን ከመካከል ቆሞ ኖሮ ባቡሩ ከነሦስት ፉርጎው ወደቀ። አምፖሉ አልዋሸም፤ የነገረኝ ያዘዝሁትን እንጂ የሆነውን አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር በእውነተኛው ምድር ባቡርም ደርሷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ 21 ቀን 1876 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አቦትስ ሪፕተን አጠገብ ብርቱ በረዶ ይጥል ነበር። ጠባቂው እጀታውን ወደ «ቁም» መልሶት ሳለ በውጭ ያለው የምልክት ክንድ በበረዶ ተይዞ «እለፍ» እንዳለ ቀረ። ከስኮትላንድ ወደ ለንደን የሚገሰግሰው ባቡር መስመሩን ከያዘ የድንጋይ ከሰል ባቡር ጋር ተጋጨ፤ ከለንደን የመጣ ሌላ ባቡርም ፍርስራሹን መታ፤ ሰዎችም ሞቱ። እጀታው የጠባቂውን ሐሳብ ተናገረ እንጂ የክንዱን ሁኔታ አልተናገረም። ዛሬ በታላላቅ መስመሮች ምላሱ በትክክል መግጠሙ ከራሱ ከምላሱ ካልታወቀ ምልክቱ «እለፍ» እንዳይል ተደርጎ ይሠራል።

እኛም ይህን በትንሹ አደረግነው። ከምላሶቹ ዘንግ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ መገናኛዎች አኖርን። ዘንጉ እስከ ግራው ጫፍ ሲደርስ አረንጓዴው፥ እስከ ቀኙ ጫፍ ሲደርስ ቀዩ አምፖል ይበራል። ሁለቱም ካልበሩ ምላሱ ከመካከል ቀርቷል፥ ወይም ሽቦ ተበጥሷል ማለት ስለ ሆነ ባቡሩ ይቁም። ጨለማውም ራሱ ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ይህን ሁሉ እንደ ልጅ መጫወቻ የሚቆጥር አይጠፋም። ነገር ግን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1946 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የሞዴል ባቡር ክበብ ተማሪዎች ባቡራቸውን በስልክ ዕቃዎች ማዘዝ ሲለማመዱ ቆይተው ከመካከላቸው ታዋቂ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ወጥተዋል። ዛሬ ትእዛዙ በኮምፒዩተር ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም ኮምፒዩተሩም ቢሆን ወሬ ካልመጣለት የሚያውቀው ያዘዘውን ብቻ ነው።

በበዓሉ ቀን ሦስተኛው መገንጠያ አምፖሉን አላበራም። ባቡሩን አቁሜ ምላሱን በጣቴ አስተካከልሁ። አባቴ ቀርቦ፥ «ደኅና ሲሄድ ለምን አቆምኸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማዘዜን አውቃለሁ፤ መታዘዙን ግን ገና አልሰማሁም» አልሁት።