ዳይኖሰር ያለበት ማልያ

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ የሚኖረው አጎቴ ዳይኖሰር ያለበት ሐምራዊ የራፕተርስ ቅርጫት ኳስ ክለብ ማልያ ላከልኝ። ጀርባው ላይ 15 ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ግን እየተሰነጣጠቀ ነው። ጓደኞቼ የልጅ ልብስ ይመስላል ይሉኛል፤ አጎቴ ደግሞ ተፈላጊ ነው ይላል። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከሶፊ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አጎትዎ እውነታቸውን ነው። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቅርጫት ኳስ ማልያ ጠበብ ያለ፣ ከክለቡ ስምና ከቁጥር በቀር ብዙም ጌጥ የሌለው ነበር። በ1990ዎቹ ሰፋ፤ ቀለምን በሙቀት ከክሩ ጋር የሚያዋህደው ኅትመትም ደረት ሙሉ ሥዕል እንዲታተም አስቻለ። ራፕተርስ በ1995 ውድድር ሲጀምር ኳስ የሚያነጥር ዳይኖሰር ይዞ ብቅ አለ፤ ይህን ማልያ በ1999 ተወው። የክለቡ ተጫዋች ቪንስ ካርተር የመጀመሪያ ዓመቱን በ15 ቁጥር የተጫወተው በዚህ ማልያ ነው። ማልያው ላይ ያሉትን ጥርሳም ቋሚ መስመሮች ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ዛሬ እንዲህ የሚደፍር ንድፍ ብዙም አላይም።

ይሁንና ኋላ ላይ በድጋሚ የተሠሩም ስላሉ፣ አንገቱ ላይ ያለውን የአምራች ምልክት ያንብቡ። ቻምፒየን የሚል ከሆነ የዘመኑ ሊሆን ይችላል፤ ሚቸል ኤንድ ኔስ የሚለው የኋላ ሥራ ነው።

ቁጥሩ የሚሰነጠቀው ጨርቁ ሲለጠጥ፣ በፀሐይና በሙቀት የደረቀው ቀለም አብሮት ስለማይለጠጥ ነው። የተሰነጠቀው አይመለስም፤ እንዳይብስ ግን ገልብጠው በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይጠቡት፣ በረኪና አይንካው፣ ጥላ ሥር ያስጡት። ካውያ ቁጥሩ ላይ አያሳርፉ፤ በላዩም ቀለም አያስቀቡ፣ ዋጋውን ይጥላል። ቁጥሩ የተሰፋ ሆኖ ክሩ ከላላ ብቻ ጀጎል፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ካሉት ልምድ ካላቸው ልብስ ሰፊዎች ለአንዱ ያሳዩ፤ በቀጭን መርፌና በተመሳሳይ ክር፣ በድሮው ቀዳዳ እንዲሰፉልዎ ይንገሯቸው።