«ና እንጂ!» ሲሉህ

ወንድምዬ፣ እስቲ ቁጭ በል። ስልኩንም አስቀምጠው፤ አዎ፣ ገልብጠህ። ልቆጣህ አይደለም። ቁጣማ ቢሆን እማዬ ትበቃህ ነበር። ሳንባና ጉበት እየቆጠርኩም አላሰለችህም፤ እሱን የትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፈውላችኋል። የምነግርህ ግድግዳው ላይ የማይጻፈውን ነው፦ ጫቱንና መጠጡን ማን እንደሚጋብዝህና አንተ በዚያች ሰዓት ምን ሆነህ እንደምትገኝ።

መጀመሪያ ይሄን ያዝልኝ። የሚጋብዝህ ሰው ክፉ አይደለም። ጥግ ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ማጅራት መቺ ቢሆን ኖሮ መች ታጣው ነበር! የሚጋብዝህ ሒሳብ ያስጠናህ ልጅ ነው። ኳስ ሜዳ እግርህ ሲወለም ደግፎ ቤት ያደረሰህ ነው። ፈገግ ብሎ፣ አጠገቡ ቦታ ለቆልህ፣ «ና እንጂ!» ይልሃል። ትልልቆቹ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላሉ። ተረቱ ያስቃል፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ጓደኛህ አህያ አይደለም፣ አንተም ጊደር አይደለህም። የሳበህ ቅጠሉ ሳይሆን መሀላቸው የተለቀቀልህ ቦታ ነው። ያንን ቦታ መፈለግህ ነውር የለውም፤ በ16 ዓመቱ የማይፈልግ ልጅ ካለ አሳየኝ።

ሁለተኛው ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስታይንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ታዳጊዎችን፣ ወጣቶችንና አዋቂዎችን የመኪና ጌም አጫወተ። ቢጫ መብራት ሲመጣ ትቆማለህ ወይስ ትነዳለህ? ለብቻቸው ሲጫወቱ ታዳጊዎቹ ከአዋቂዎቹ ብዙም አልተለዩም። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲያዩዋቸው ግን ታዳጊዎቹ ድፍረታቸው ናረ፤ አዋቂዎቹን ግን የሚያያቸው መኖሩ ምንም አልለወጣቸውም። ስለዚህ የኔ ጌታ፣ «እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ» አትበለኝ። ቤትህ ሆነህ፣ ጫማህን ሳታስር ወስነህ ውጣ።

ስትወስን ደግሞ ስብከት ይዘህ አትሂድ። «ሱስ ጎጂ ነው» ብለህ ብትጀምር እኔም ራሴ እስቅብሃለሁ። አጭር ምክንያት ይበቃል፦ «ነገ በጠዋት ልምምድ አለኝ»። ካልሆነ በእኔ አመካኝ፤ «እህቴ ታሸተኛለች፣ እሷን አታውቋትም» በላቸው። ክፉ ብትባል የምትባለው እህትህ ናት፣ ምን ገዶህ? ወሬው ከከረረ ደውልልኝና «ሰማያዊው ደብተሬ የት ነው?» በለኝ። በዚያው ስልክ እየጮህኩ አሁኑኑ ና እልሃለሁ፤ እነሱም ያዝኑልሃል። ቤት ስትደርስ አንድ ጥያቄ አልጠይቅህም። ይሄን ቃሌን ቁጠረው።

አሁን ወደ ዋናው። አንተ «ወንድ ነህ» እየተባልክ ነው ያደግከው። ስትወድቅ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፤ አባባ ሥራ ያጣ ጊዜ «የቤቱ ወንድ አንተ ነህ»፤ ያቺ ልጅ የተወችህ ጊዜ (አትደንግጥ፣ አውቃለሁ፣ ለማንም አልተነፈስኩም) «ሴት ሞልቷል፣ እርሳት»። ታዲያ ያ ሁሉ የት ይግባ? በርጫ ላይ ይወጣል። ፍራሹ ተነጥፎ፣ ለውዙና ኮካው ቀርቦ፣ ምርቃናው ሲመጣ የወንዶቹ ሁሉ አንደበት ይፈታል። ሌላ ቦታ የማያወሩትን ያወራሉ፤ አንዱ ስለ አባቱ፣ አንዱ ስለ ፍርሃቱ። ሕንጻ ይሠራሉ፣ አሜሪካ ደርሰው ይመለሳሉ። ጨዋታው እንደሚጥም አልክድህም፤ ሰው ሲያዳምጥህ ደስ ይላል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ሕንጻው የለም። ድብርት ይጫንሃል፤ «ምነው ያንን ሁሉ ባላወራሁ» ትላለህ። እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ይባልና መጠጥ ይከተላል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሐራራው ያዛጋሃል፤ ያንን ለማስታገስ እንደገና ቅጠል። ለአንድ ግብዣ እሺ ብለህ ስንት ነገር እንደተከተለህ ቁጠር፤ መጀመሪያ የከፋህ ነገር ደግሞ ሳይነካ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ አንድ ሕግ ላውጣልህ፣ ሆዴ፦ የተከፋህ ቀን የማንንም ግብዣ አትቀበል። ደስ ያለህ ቀን ሂድና ሳቅ፣ ኮካህን ጠጥተህ ተመለስ። የተናደድክ፣ የተዋረድክ፣ ብቸኝነት የተሰማህ ቀን ግን ወደ ቤት፣ ወይም ከአንድ ሰው ጋር በእግር ወደ ላይ ወደ ታች። አንድ ሰው ይበቃል። ወንዶች ፊት ለፊት ተያይታችሁ ማውራት ስለሚያሳፍራችሁ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ አውሩ፤ ይቀላል። ማልቀስ ካማረህም አልቅስ፤ እኔ ሳህን እያጠብኩ ጀርባዬን እሰጥሃለሁ።

«ለጥናት ነው» የሚለውንም አውቀዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ሰምተህ ብትጨነቅ አልፈርድብህም። ጫትም ያነቃል፣ አልዋሽህም። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚወርድ ነው በኮባ ተጠቅልሎ አይሱዙው እንደዚያ የሚበረው። ግን መንቃት ሌላ፣ መያዝ ሌላ። ያነበብከውን አእምሮህ የሚያደላድለው ስትተኛ ነው። ሌሊቱን አፍጥጠህ ያደርክበት ምዕራፍ ፈተናው ላይ ቢጠፋህ በፊዚክስ መምህርህ አታሳብብ። (ይሄን ስል የአወዳይ ገበሬ እንዳይቀየመኝ። በጫት ገንዘብ ስንቱ ልጁን አስተምሯል፤ ለዱአ የሚቅሙ አዛውንቶችም አሉ። የእኔ ጉዳይ ካንተ ጋር ነው።)

ሺሻ? በፍራፍሬ ሽታው አትታለል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት ሺሻ ሲሳብ የሚገባው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ነው። አዋጅ 1112/2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ቢራ የቀዳልህ ሰው እንደ ትልቅ ሰው ስላየህ አይምሰልህ፤ ያየው ኪስህን ነው።

ስንተኛ ላይ ደረስን? ይሁን። ይሄኛው ለእማዬም ነው፤ ከማዕድ ቤት እንደምትሰማን አውቃለሁ። ብዙው ልጅ የመጀመሪያውን መጠጥ የሚቀምሰው ቡና ቤት አይደለም። በበዓል ቀን፣ አጎት ጠላውን ቀድቶ «ወንድ ነው፣ ይቅመስ!» ሲል፣ ሁሉም ሲስቅ ነው። ያ ሳቅ ነው የሚጣፍጠው። ትልልቆቹ ከተነሱ ግን ይሄ ይለወጣል። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች 42 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ከተሞቹ ለልጆቹ የስፖርትና የሙዚቃ ክፍያ ደጎሙ፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ጊዜ እንዲያሳልፉ ተወተወቱ፤ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅም በብርዱ ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻውን ውጭ እንዳይገኝ ሕግ ወጣ። እማዬ 1 ሰዓት ተኩል ትላለች፤ እሱን እደራደርልሃለሁ። በምትኩ ቅዳሜ ከሰዓትህን ባዶ አትተዋት። ኳስም ሆነ ክራር፣ የፈለግከውን፤ ብቻ የሚጠብቁህ ሰዎች ያሉበት ይሁን። መሀላቸው ቦታ የሚለቁልህ እነሱም ይኖራሉ።

ምንም ቢሆን አንድ ነገር እንዳትረሳ። ጓደኛህ ጠጥቶ ተዘርሮ ስትጠራው ካልሰማህ «ይተኛበት» ብለህ አትሂድ። ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ አስተኛው፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውል፤ ከዚያ ለእኔ። ቡና ማጠጣትና ውሃ መድፋት አያድነውም። ማን ገዛ፣ ማን አጠጣ የሚለው በኋላ ይደርሳል።

ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ደግሞ በሆድህ «እኔ እኮ ጀምሬያለሁ» እያልክ ይሆናል። ከሆነም ፊትህን አታዙርብኝ። በሳምንት ስንቴ እንደሆነና ከማን ጋር እንደሆነ ንገረኝ፤ ከሁሉም በላይ ያን ቀን ምን ሆነህ እንደሄድክ ንገረኝ። ለብቻህ ለመተው ሞክረህ ካቃተህ ሐኪም አለ። «አማኑኤል» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ እብደት ይመስለዋል፤ እዚያ እኮ የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ወረፋው ላይ አብሬህ እቆማለሁ፤ የሚያውቀን ሰው ካየን የመጣሁት ለራሴ ነው እላለሁ። ለእማዬ የምንነግራት ደግሞ አብረን ነው፤ ወሬውን እኔ እጀምራለሁ፣ አንተ ትጨርሳለህ።